የአረጋውያን ነርሲንግ በድህረ ምረቃ ደረጃ፦ ትምህርቱ ምንድን ነው? ለምንስ ያስፈልጋል?

መግቢያ

የሚከተለው ሁኔታ በማንኛውም ሆስፒታል ሊያጋጥም ይችላል። አንዲት የ78 ዓመት አረጋዊት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ይገባሉ። ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ይፈጸማል። በመጀመሪያው ሌሊት ሕመሙ ስለጠናባቸው ሲጮኹ ያድራሉ፤ የሕመም ማስታገሻና ዲያዜፓም ይታዘዝላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ጸጥ ይላሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው አይጎርሱም፤ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን ገልጠው መልሰው ይከድናሉ። የሌሊቱ ተረኛ ነርስ በመዝገባቸው ላይ «ተረጋግተዋል፣ በደንብ ተኝተዋል» ብላ ትጽፋለች። ጠዋት ለጉብኝት የመጡት ሐኪሞችም ቁስሉ ንጹሕ መሆኑን አይተው ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ። ልጃቸው «እማዬ እንዲህ አልነበረችም» ብትል የምታገኘው መልስ «ዕድሜ ነው፤ ይደክማሉ» የሚል ነው።

እኚህ እናት አልተረጋጉም። ያጋጠማቸው ዲሊሪየም የሚባለው፣ ድንገት የሚጀምርና ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጥ የአእምሮ መታወክ ነው። የሚጮኸውና አልጋውን የሚለቀው ሕመምተኛ ቶሎ ይታወቃል፤ ጸጥ ብሎ የሚተኛው ግን ማንንም ስለማያስቸግር ሳይታወቅ ይቀራል። ከጸጥታው በስተጀርባ የሽንት መታገድ፣ የፈሳሽ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሳንባ ምች ወይም የታዘዘው መድኃኒት ራሱ ሊኖር ይችላል። አብዛኞቹ በጊዜ ከተገኙ የሚታከሙ ናቸው። በጊዜ ካልተገኙ ግን በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ ሰው ከአልጋ የማይነሡ ሆነው ሊቀሩ፣ ሕይወታቸውም ሊያልፍ ይችላል።

ይህንን ለውጥ አስቀድሞ ለማየት ዕድሉ ያለው በቀን ለጥቂት ደቂቃዎች የሚጎበኘው ሐኪም አይደለም፤ በአልጋው አጠገብ ሌሊትና ቀን የምትገኘው ነርስ ናት። ነገር ግን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ የታየውን ነገር ትርጉም ማወቅና ባወቁት መሠረት ለመሥራት ሥልጣን ማግኘት ያስፈልጋል። የአረጋውያን ነርሲንግ የድህረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ ትምህርቱ እንዴት እንደተጀመረ፣ ምን እንደሚያካትት፣ ምን ውጤት እንዳስገኘና በኢትዮጵያ ምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙያው አመጣጥ

የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ስም ያገኘው ሐኪሙ ኢግናዝ ናሸር በ1909 «ጄሪያትሪክስ» የሚለውን ቃል በፈጠሩ ጊዜ ነው። ሙያው ሥር የሰደደው ግን ከስሙ ይልቅ በሥራ ነበር። ዶክተር ማርጆሪ ዋረን በ1935 በለንደን ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ አይድኑም ተብለው ለዓመታት አልጋ ላይ የተተዉ አረጋውያንን ተረከቡ። እያንዳንዳቸውን መርምረው፣ ሕመማቸውን ለይተው፣ ከአልጋ አስነሥተው አለማመዷቸው፤ በርካቶቹም ወደ ቤታቸው ለመመለስ በቁ። ሥራው የተሳካው ነርሶች ሕመምተኛን አስተኝቶ ከመንከባከብ ወደ ማስነሣትና ማንቀሳቀስ በመሸጋገራቸው ጭምር ነው።

በነርሲንግ በኩል የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ መሠረት ከጣሉት አንዷ እንግሊዛዊቷ ነርስ ዶሪን ኖርተን ናቸው። ኖርተንና ባልደረቦቻቸው በ1962 ባሳተሙት ጥናት የአልጋ ቁስል የሚያሠጋውን ሕመምተኛ አስቀድሞ ለመለየት የሚያገለግል መለኪያ አቀረቡ። መለኪያው የአካል ሁኔታን፣ የአእምሮ ሁኔታን፣ እንቅስቃሴን፣ ገላን የማዞር ችሎታን፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርን ይመዝናል። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 14ና ከዚያ በታች የሆነ ሕመምተኛ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። መለኪያው መሣሪያም ላቦራቶሪም አይጠይቅም፤ የሚያስተውል ዓይን ይበቃዋል።

በአሜሪካ የነርሶች ማኅበር በ1966 ለአረጋውያን ነርሲንግ ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። በዚያው ዓመት ዱክ ዩኒቨርሲቲ ነርሶችን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ በአረጋውያን ክብካቤ የሚያሠለጥነውን የመጀመሪያ ፕሮግራም ጀመረ። በ1970 የሙያው የአሠራር ደረጃዎች ወጡ። በ1976 ደግሞ የሙያው መጠሪያ ከ«ጄሪያትሪክ» ወደ «ጄሮንቶሎጂካል» ተቀየረ። ለውጡ የቃል ብቻ አልነበረም፤ ነርሷ የምትከታተለው የአረጋዊውን በሽታ ብቻ ሳይሆን እርጅናን ራሱን፣ የኑሮ ሁኔታውንና የቀረውን አቅም ጭምር መሆኑን ለማመልከት ነው።

የአረጋዊ ሰው ሕመም ለምን ይለያል?

አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች «አረጋዊ ማለት ዕድሜው የገፋ አዋቂ ነው፤ የአዋቂዎችን ሕክምና የሚያውቅ ለእርሱም ይበቃል» ይላሉ። ይህ አባባል ሕፃን ትንሽ አዋቂ ነው እንደማለት ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ልዩነት በምልክቶች ላይ ይታያል። በወጣት ላይ የሳንባ ምች በትኩሳትና በሳል ይገለጣል፤ በአረጋዊ ላይ ግን ያለትኩሳት በመውደቅ፣ ምግብ በመተው ወይም በመቃዠት ብቻ ሊገለጥ ይችላል። የልብ ድካም ወይም የልብ ጡንቻ መሞት ያለ ደረት ሕመም ሊከሠት ይችላል። ስለዚህ «ወደቁ» የሚለው ቃል የአደጋ መግለጫ ብቻ ሳይሆን የሌላ በሽታ የመጀመሪያ ምልክትም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነት የመድኃኒት አጠቃቀም ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጡንቻ መጠን ስለሚቀንስ በደም ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን ልክ መስሎ ቢታይም የኩላሊት ሥራ በእጅጉ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ዲያዜፓም በአረጋዊ ገላ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ግሊቤንክላማይድ ለሰዓታት የሚዘልቅ የስኳር ማነስ ሊያስከትል ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ሽንትን ሊያግድና አእምሮን ሊያውክ ይችላል። በዝቅተኛ መጠን መጀመርና ቀስ ብሎ መጨመር የሚለው መመሪያ ከዚህ የመነጨ ነው። አዲስ ምልክት በታየ ቁጥር ሌላ መድኃኒት ከመጨመር በፊት «ይህን ያመጣው ቀድሞ የተሰጠው መድኃኒት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ልዩነት የሆስፒታል ቆይታ ራሱ ጉዳት ማስከተሉ ነው። አልጋ ላይ በሚያልፍ እያንዳንዱ ቀን ጡንቻ ይመነምናል። መነጽሩ ቤት የቀረበት፣ የማያውቀው ክፍል ውስጥ የተኛ፣ ሌሊት በመብራትና በጫጫታ እንቅልፍ ያጣ አረጋዊ አእምሮው በቀላሉ ሊታወክ ይችላል። በሽታው ድኖ ሰውየው የሚጎዳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ትምህርቱ ምን ያካትታል?

የትምህርቱ ደረጃና ርዝመት ከአገር አገር ይለያያል። በአውስትራሊያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ነርስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወስድ የድህረ ምረቃ ሰርተፊኬት መጀመር፣ ወደ ድህረ ምረቃ ዲፕሎማ መቀጠልና እስከ ሁለተኛ ዲግሪ መዝለቅ ትችላለች። በየደረጃው ያለፈችው ትምህርት ለሚቀጥለው ሊታሰብላት ስለሚችል ሥራዋን ሳትለቅ በትርፍ ጊዜዋ መማር ይቻላታል። በአሜሪካ ደግሞ ከ2008 ወዲህ በወጣው የጋራ ስምምነት መሠረት ከፍተኛ የነርሲንግ ባለሙያዎች የአዋቂዎችንና የአረጋውያንን ዘርፍ አንድ ላይ ይማራሉ።

ይዘቱ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ተማሪዋ የእርጅናን ሥነ ሕይወት፣ የአረጋውያንን ፋርማኮሎጂ፣ የመርሳት በሽታንና የአእምሮ ጤናን፣ የመውደቅ መከላከልን፣ የቁስል ክብካቤን፣ የተመጣጠነ ምግብን፣ በሕይወት መጨረሻ የሚሰጥ የማስታገሻ ሕክምናን፣ ሥነ ምግባርና ሕግን፣ የምርምር ዘዴንና የአመራር ክህሎትን ትማራለች። ከሁሉ በላይ ግን በባለሙያ ክትትል ሥር በአልጋ አጠገብ የሚደረግ ልምምድ የትምህርቱ እምብርት ነው።

የልምምዱ ዋና መሣሪያ ሁለንተናዊ ምርመራ ነው። በ1963 የወጣው የካትዝ መለኪያ አረጋዊው መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሣት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርና መመገብ ይችል እንደሆነ ይመዝናል። ዲሊሪየምን ለመለየት በ1990 የወጣው ዘዴ ደግሞ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ለውጡ ድንገተኛና ተለዋዋጭ ነው ወይ? ሕመምተኛው ትኩረቱን መሰብሰብ አቅቶታል ወይ? ሐሳቡ ይዘበራረቃል ወይ? የንቃቱ ደረጃ ተለውጧል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጋር ከተገኙ ዲሊሪየም መኖሩ ይታመናል። በመግቢያው የተጠቀሱት እናት በዚህ ዘዴ ቢመረመሩ፣ የልጃቸው «እንዲህ አልነበረችም» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በሆነ ነበር።

ትምህርቱ መሣሪያዎቹን ከመጠቀም አልፎ ገደባቸውንም ማወቅን ይጠይቃል። በ1975 የወጣውና በዓለም ዙሪያ የታወቀው አጭር የአእምሮ ምርመራ ማንበብ፣ መጻፍና ሥዕል መገልበጥን ይጠይቃል። ፊደል ያልቆጠሩ ኢትዮጵያዊት አረጋዊት በዚህ ቢመዘኑ ጤናማ ሆነው ሳለ የመርሳት በሽታ አለባቸው ሊባሉ ይችላሉ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ቁጥሩን ላይሉ ይችላሉ፤ «ዛሬ ማርያም ናት» ካሉ ግን ወሩ በገባ በ21ኛው ቀን መሆኑን በትክክል ተናግረዋል። ይህን መልስ ስህተት ብላ የምትመዘግብ ነርስና ትክክል ብላ የምትመዘግብ ነርስ ለሐኪሙ የሚያቀርቡት ሁለት የተለያየ ሰው ነው።

ትምህርቱ ለውጥ አምጥቷልን?

በዚህ ረገድ ሁለት ጥናቶች በተለይ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው በ1999 የታተመው የነርሷ የሜሪ ኔይለርና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። በፊላደልፊያ ከተማ ባሉ ሁለት ሆስፒታሎች የተኙ 363 አረጋውያን በሁለት ቡድን ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን አባላት በተለመደው አሠራር ተስተናገዱ። ሁለተኛውን ቡድን የተከታተሉት በአረጋውያን ክብካቤ ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ነበሩ። ነርሶቹ ሆስፒታል ውስጥ እያሉ የመውጫውን ዕቅድ አዘጋጁ፤ ሕመምተኛው በወጣ በ48 ሰዓት ውስጥ ቤቱ ድረስ ሄደው ጎበኙት፤ ከዚያም በስልክ ተከታተሉት። በ24 ሳምንታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተመልሰው ሆስፒታል የገቡት ከተለመደው ቡድን 37.1 ከመቶ ሲሆኑ በነርሶቹ ከተያዙት 20.3 ከመቶ ነበሩ።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት የታተመው የዶክተር ሻሮን ኢኑዬና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕመምተኞች የተካተቱበት ሲሆን፣ በአረጋውያን ነርሲንግ ልዩ ሥልጠና ያላት ነርስ የምትገኝበት ቡድን ከሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ቀላል የሚመስሉ ሥራዎችን በየቀኑ አከናወነ። ቀኑንና ቦታውን ማስታወስ፣ ቶሎ ከአልጋ ማስነሣት፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ማቅረብ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሌሊት ያለመድኃኒት ትኩስ መጠጥ ሰጥቶና ጀርባ አሽቶ ማስተኛት ነበሩ። በዚህ ክብካቤ ሥር ከነበሩት ዲሊሪየም የያዛቸው 9.9 ከመቶ፣ በተለመደው አሠራር ከነበሩት ግን 15 ከመቶ ሆኑ።

እነዚህ ውጤቶች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ዲግሪ ብቻውን ሕመምተኛን እንደሚያድን አያሳዩም። በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ የሠለጠነችው ነርስ ከዕውቀቷ ጋር የተሰጣት ነገር ነበር፦ ጊዜ፣ የተወሰነ ኃላፊነትና ዕቅዱን የመለወጥ ሥልጣን።

ዲግሪና ሥልጣን፦ የአውስትራሊያ ልምድ

ዕውቀትና ሥልጣን ካልተጣመሩ ምን እንደሚሆን አውስትራሊያ ጥሩ ምሳሌ ናት። አገሪቱ የአረጋውያን ነርሲንግ የድህረ ምረቃ ትምህርት በሚገባ የተደራጀባት ናት። ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከፍተኛ የነርስ ባለሙያዎች መመርመርና መድኃኒት ማዘዝ እንዲችሉ ፈቃድ ይሰጣቸው ጀመር። ፈቃዱን ለማግኘት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የታወቀ ትምህርት ማጠናቀቅና 5,000 ሰዓት የከፍተኛ ደረጃ የሥራ ልምድ ማሳየት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ በ2018 የተቋቋመው የአረጋውያን ክብካቤን የሚመረምር የመንግሥት ኮሚሽን በ2019 ያወጣውን ጊዜያዊ ሪፖርት በአንድ ቃል «ቸልተኝነት» ብሎ ሰየመው። አረጋውያንን በመድኃኒት አደንዝዞ ማስቀመጥ ከተጋለጡት ችግሮች አንዱ ነበር። በ2021 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት 148 የውሳኔ ሐሳቦችን አቀረበ። ከዚያ በኋላ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ፣ በየአረጋውያን መኖሪያ ተቋሙ የተመዘገበች ነርስ ሌሊትና ቀን መገኘት ግዴታ ሆነ። ትምህርት ቤቶቹ ነበሩ፤ ዲግሪውም ነበረ። የጎደለው በአልጋው አጠገብ የምትቆም ነርስ ነበረች። ነርሶችን እስከ ከፍተኛ ዲግሪ የምታስተምር አገር በየተቋሙ ነርስ እንዲኖር በሕግ ለማዘዝ መገደዷ ለሌሎች አገሮች ትልቅ ትምህርት ነው።

በኢትዮጵያ ምን ይታሰብ?

ኢትዮጵያ የወጣቶች አገር ናት። ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆኑት ከመቶ 5 ገደማ ናቸው። ነገር ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ ቁጥር ከአምስት ሚሊዮን ይበልጣል። ከዚህም ሌላ፣ አረጋውያን በቁጥራቸው ልክ አይታመሙም። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክና የአጥንት ስብራት በዚህ ዕድሜ ላይ ይበረታሉ።

ቀድሞ የአረጋዊ ጧሪና ቀባሪ ልጅ ነበር። ዛሬ ልጅ ወደ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ ብዙ አረጋውያን ብቻቸውን ይቀራሉ። መንግሥት ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ማውጣቱ፣ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላትም መቋቋማቸው ችግሩ መታወቁን ያሳያል። በሌላ በኩል በአሜሪካና በሌሎች አገሮች በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ልምድ ያካበቱ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ይህ ዕውቀት ለማስተማር ሥራ ሊውል ይችላል።

ለአዲስ ፕሮግራም መነሻ የሚሆን የአገር ውስጥ ልምድም አለ። በ2009 የተጀመረው የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም የጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ሐኪም በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና እንዲያዋልዱና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ያደርጋል። ዲግሪው ከመጀመሪያው ከተወሰነ የሥራ ድርሻ ጋር ተያይዞ መነደፉ ሊተኮርበት የሚገባ ነው። ለአረጋውያን ነርሲንግም ይኸው መንገድ ቢመረጥ ሦስት ነገሮች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

አንደኛ፣ ከትምህርቱ በፊት የሥራ መደቡ ይወሰን። ተመራቂዋ የትኛውን ምርመራ ራሷ ትጀምራለች? የትኛውን መድኃኒት እንዲቆም ለሐኪሙ ታመለክታለች? ሐኪሙስ በምን ያህል ጊዜ መልስ ሊሰጣት ይገባል? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ተመራቂዋ ከአልጋው አጠገብ ተነሥታ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ማስተማር ሥራ ትዛወራለች፤ ክፍሉም ከነበራት የተሻለች ነርስ ያጣል።

ሁለተኛ፣ በነባሩ ላይ ይገንባ። በዩኒቨርሲቲዎች በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ውስጥ የአረጋውያን ክብካቤን ራሱን የቻለ ኮርስና የአልጋ አጠገብ ልምምድ አድርጎ መጨመር አዲስ ትምህርት ክፍል ከመክፈት ይቀድማል። ነርስ በሚያጥርበት ክፍል አንዲትን ልምድ ያላት ነርስ ለሁለት ዓመት ማስለቀቅ ከባድ በመሆኑ፣ ከሥራ ጋር የሚሄድ አጭር የሰርተፊኬት ሥልጠናም ሊታሰብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ አስታማሚው የክብካቤው አካል ይሁን። በኢኑዬ ጥናት በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን ሥራ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሊሠራ የሚችል ሰው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል። አስታማሚ ሌላው አገር በገንዘብ የማይገዛው ሀብት ነው። ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት እንዲገዛና ናሙና እንዲያደርስ ይላካል፤ በጉብኝት ሰዓትም ከክፍሉ ይወጣል። የሠለጠነች ነርስ ልጅየዋን «እናትሽ ከመታመማቸው በፊት እንዴት ነበሩ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ውኃ በየስንት ሰዓቱ እንደምታጠጣ፣ እንዴት ደግፋ እንደምታስቀምጥ፣ ምን ዓይነት ለውጥ ስታይ እንደምትጠራት ታስተምራለች።

ማጠቃለያ

የአረጋውያን ነርሲንግ ርኅራኄን ይጠይቃል፤ ርኅራኄ ግን የሽንት መታገድን ከእንቅልፍ አይለይም። አረጋውያንን «አባባ»፣ «እማማ» ብሎ በአክብሮት መጥራት መልካም ልማድ ነው። አክብሮቱ የሚሟላው ሕመማቸው «የእርጅና ነው» ተብሎ ሳይታለፍ እንደማንኛውም ሰው ሕመም ምክንያቱ ሲፈለግለት ነው።

የድህረ ምረቃ ትምህርቱ መመዘን ያለበት ስንት ዲግሪ እንደሰጠ ተቆጥሮ አይደለም። መለኪያው በሦስተኛው ቀን ጸጥ ያሉት እናት አልጋ አጠገብ የቆመችው ነርስ በመዝገቡ ላይ የምትጽፈው ቃል ነው። «በደንብ ተኝተዋል» በሚለው ፈንታ «ከትናንት ጀምሮ ትኩረታቸው ቀንሷል፤ ሽንት ከወጣቸው 10 ሰዓት ሆኗል፤ ፊኛቸው ተወጥሯል፤ ዲያዜፓሙ እንዲታይ ሐኪም ተጠርቷል» ብላ ከጻፈች፣ የተጠራው ሐኪምም ከመጣ፣ ትምህርቱ ዓላማውን መቷል።